ከቦረማ ወዲያ፣ ወንድሜ የካበው ካብ

ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ

ከቤቴ ስወጣ ሀርጌሳ ገና አልነቃችም። በእኛ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር በዚህ ሰዓት መንገድ ላይ ያሉት ከፈጅር ሶላት የሚመለሱ ሽማግሌዎችና የጎረቤቴ ፍየሎች ብቻ ናቸው። ፍየሎቹ ካርቶን እየቆረጠሙ ነው፤ ቁርሳቸው ነው። እኔ በአንድ እጄ ስንቄን፣ በሌላው አንድ ትልቅ ሻንጣ ይዤ ባጃጅ እጠብቃለሁ። የሰፈራችን ባለ ባጃጅ አብዲ ሊያግዘኝ ብሎ ሻንጣውን በሙሉ ኃይሉ ሲያነሳው ወደ ኋላው ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

"ባዶ ነው እኮ!" አለኝ በሶማልኛ።

"ስመለስ ይሞላል" አልኩት።

ሻንጣው ለወንድሜ ለሰይድ ልብስ ነው። ይህችን ገጽ አዲስ ለምታነቡ ራሴን ላስተዋውቅ፤ መዲና እባላለሁ፣ ወሎ ተወልጄ ሀርጌሳ የገባሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። 26 ጁን ሰፈር አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ሰይድ ታናሼ ነው። እናቴ አደራ ብላ የሰጠችኝ ልጅ ነው፤ አሁን ጢም ቢያወጣም ለእኔ ያው ነው። ሀርጌሳ ሲመጣ ሴራሚክ አንጣፊ እንዲሆን ሰው ለምኜ ሥራ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ጎበዝ ወጣው። ከዚያ አንድ ቀን "እታለም፣ መሬት አገኘሁ" አለኝና መሣሪያዎቹን አልጋዬ ሥር ትቶ፣ ከቦረማ ወዲያ ወዳለች የገበሬ መንደር ጉዞ። የአንዲት አሮጊት እርሻ በእኩል ያርሳል፤ ጉልበቱ የእሱ፣ መሬቱና ጉድጓዱ የእሷ፣ ምርቱ የሁለቱም።

በዚህ ሳምንት መጀመሪያ ደወለልኝ። ድምፁ ልክ አልነበረም።

"ካብ ሠራሁ። ድንጋዩ ግን የጥንት ሰዎች ቤት ነው አሉ። አርብ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ሊያስወጡኝ ነው መሰለኝ። ሶማልኛዬን ታውቂዋለሽ፣ ነይና አፍ ሁኚኝ።"

እሺ አልኩት። ያልነገርኩት ነገር፣ ለእሑድ መመለሻ ከሹፌሩ ዘንድ ሁለት ወንበር መያዜን ነው። ሽማግሌዎቹ ቢያስወጡት ደስ ይለኛል፤ ይህን እያወቅኩ ነው ከቤት የወጣሁት። እኔ ከአፈር የሸሸሁ ሰው ነኝ። አባታችን ተዳፋት መሬት ላይ ካብ ሲክብ ኖሮ ካብ ሲክብ ሞተ፤ ዕድሜውን የፈጀበትን መሬት አንድ ክረምት ጎርፍ ከነካቡ ይዞት ወረደ። ወንድሜን ለዚያ ዓይነት ኑሮ አላሳደግኩትም።

ሐሙስ፣ ረፋድ

ወደ ቦረማ በሰው አሥር ዶላር ነው፣ በስልክ ይከፈላል። ሹፌራችን ጃማ ከፊት፣ ከጎኑ አስቀመጠኝ። ክብር መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ወዲያው ገባኝ፤ ሥራ ኖሯል። በዚህ አገር መኪናው በመንገዱ ቀኝ ይሄዳል፣ መሪውም በቀኝ ነው። ስለዚህ ሹፌሩ ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና መቅደም ሲያምረው ከወዲያ የሚመጣውን አያይም። የሚያይለት ጎኑ የተቀመጠው ሰው ነው።

"አለ?" ይለኛል ጃማ። ጅጅጋ ስላደገ አማርኛ ይችላል።

"አለ! አለ! ተው!"

ትንሽ ቆይቶ፣ "አሁንስ አለ?"

"የለም፣ ሂድ።"

ጥርሴን ነክሼ የሰው ሁሉ ነፍስ በአንገቴ ተንጠልጥላ ነው የምጓዘው። ከኋላችን ያሉት እናቶች ግን ተረጋግተው ስለ ሠርግ ያወራሉ።

ከከተማው ስንወጣ አቧራውና የፕላስቲክ ፌስታሉ እየቀነሰ፣ ግራሩ እየበዛ መጣ። ኬላ ላይ መታወቂያ አሳየን። አረብሲዮ ስንደርስ መንገዱ ዳር የፍራፍሬ ገበያ ነው፤ ፓፓያ፣ ሎሚ፣ በሣህን የተቆለለ ዘይቱን። የዘይቱኑ ሽታ በመስኮት ገብቶ መኪናውን ሞላው። ከዚያ ገብሌይ። እዚህ ሜዳው ቀይ አፈር ነው፣ ማሽላው ጉልበት ደርሷል። ጃማ ቁርስ ላይ አቆመን፤ የእኛን እንጀራ የሚመስለው ላሖህ፣ ከላዩ ቅቤና ማር፣ ከጎኑ ወተት የበዛበት ሻይ። ከሀርጌሳ ይረክሳል፣ ይጣፍጣልም። ማሩን ሁለቴ አስጨመርኩ።

"ቦረማ ምን አለሽ?" አለኝ ጃማ ላሖሁን እየጠቀለለ። የሰይድን ነገር ነገርኩት። እጁ አየር ላይ ቀረ።

"የጥንት ድንጋይ አንስቶ አጥር ሠራ?"

"አጥር አይደለም። ካብ ነው፤ ጎርፍ የሚያቆም።"

"እናንተ ሰዎች ድንጋይ ተኝቶ ማየት አይሆንላችሁም?"

ሳቄ አመለጠኝ። እውነቱን ነው። እኛ አገር እርሻ ላይ ድንጋይ ማየት የሚወድ ማንም የለም፤ የለቀመ፣ የከመረ፣ የካበ ይመረቃል። ጃማ ግን አልሳቀም። "ከዚያ እንኳን ድንጋይ የደረቀ ጭራሮ አይነሳም" አለኝ ዝግ ብሎ። "ወንድምሽ ይቅርታ ቢጠይቅ ይሻለዋል።" የተረፈውን ማር ትቼ ተነሳሁ።

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ

ከካላበይድ በኋላ አገሩ ይለወጣል። ሜዳው ያልቅና ኮረብታ ይጀምራል፤ ዲላን ስታልፉ ቁልቋልና እሬት በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ይቀበሏችኋል። እንደ ልብስ ሰፊ የማየው ነገር ቀለም ነው፤ የዚህ አገር አረንጓዴ ግራጫ የተቀላቀለበት፣ ሻጭ "አይለቅም" ብሎ የሚምልለት ዓይነት ነው። ቦረማ ስንገባ ነፋሱ ቀዘቀዘ። ሻሼን አጠበቅኩ።

ሰይድ የአህያ ጋሪ ይዞ ቆሟል። ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ ከንፈሩ በፀሐይ ተሰነጣጥቋል። የሚያናድደው ግን ደህና ሆኖ ነው ያገኘሁት፤ ትከሻው ሰፍቷል፣ ዓይኑ ጠርቷል። ሀርጌሳ ላይ ከሴራሚክ ሥራ ሲመለስ እንዲህ ያለ ዓይን አልነበረውም።

"እታለም" ብሎ አቀፈኝ። ቀና ብሎ ሻንጣዬን አየ። "ለሦስት ቀን ይሄን ሁሉ?"

"ልብስ የማበዛ ሰው ነኝ" አልኩት። ሻንጣውን ሲያነሳው ግን ቅለቱ ነገረው። ጋሪው ላይ ጣለው።

የመንደሯን ስም አልጽፍም። የአገሩ ሽማግሌዎች ናቸው የለመኑኝ፤ ስሟ በተጻፈ ቁጥር ወርቅ አለ ብሎ አካፋ ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም አሉ። ስለዚህ ይህን ብቻ ልበላችሁ። ሸለቆ ነው። በመካከሉ ቶግ የሚሉት የአሸዋ ወንዝ አለ፤ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ፣ ዝናብ ሲመጣ ግን ግመል የሚወስድ። በቶጉ ዳር ዳር ጉድጓዶች ተቆፍረዋል፤ ድሮ በናፍጣ ሞተር ይሳብ የነበረው ውሃ አሁን በፀሐይ ይሳባል፣ ድምፅ የለውም። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ሐብሐብ፣ ከኋላ የዘይቱን ዛፎች። ወፉ ለጉድ ነው። ሀርጌሳ ላይ ይህን ያህል ወፍ ሰምቼ አላውቅም።

ፍርስራሹ ደግሞ ከእርሻው በላይ፣ ኮረብታው ጉያ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ድንጋይ ብቻ ነው የሚታያችሁ። ትንሽ ቆማችሁ ስታዩት በር ይታያችኋል። ከዚያ ጓዳ፤ ግድግዳ ውስጥ የገባ የዕቃ ማስቀመጫ፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ። ከፍ ብሎ ጣሪያ የሌለው መስጊድ አለ፣ ኢማሙ የሚቆምበት ሚሕራቡ ግን እንደ ቆመ ነው፤ አንዲት እንሽላሊት ፀሐይ ትሞቅበታለች። መሬቱ ላይ የሸክላ ስብርባሪ ተዘርቷል፣ አንዳንዱ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ። ሰዎች እዚህ ኖረዋል፣ ሰግደዋል፣ ምጣድ ሰብረው ተቆጥተዋል። እኔ ስለ ጥንት ነገር ብዙም አይገባኝም፤ ምጣድ የሰበረችው የዚያች ሴት ጓዳ ግን አንጀቴን በላችው። የሴት መሆኗን በምን አወቅሽ አትበሉኝ።

ከታች በኩል ያሉት ቤቶች የሉም። ያሉበት ቦታ ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል። ከዚያ ዞር ስል የሰይድን ካብ አየሁት። እርሻውን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል፣ ወገብ ይደርሳል፣ እንደ ጥሩ ቅምቅማት ቀጥ ያለ ነው። የአባቴን እጅ አየሁበት።

"ሰው ማሳ ሲያጸዳ የከመረው መስሎኝ ነው" አለኝ ሰይድ። "ወላሂ እታለም። ቆሞ ያለውን ግድግዳ አልነካሁም፣ የወደቀውን ነው የለቀምኩት። በየዓመቱ ጎርፍ አፈሩን ይወስድባቸዋል። የአፈር ክትር ይሠራሉ፣ ውሃው ይበላዋል። ደስ ላሰኛት ብዬ ነው።"

ደስ ሊያሰኛት የፈለገው የመሬቱን ባለቤት ነው፤ ኤዶ ኸድራ ትባላለች። ኤዶ ማለት አክስት ማለት ነው። ካቡ ሲሠራ ለዓይን ሕክምና ሀርጌሳ ነበረች። ስትመለስ ካቡን አይታ፣ አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም፤ የቆመችበት ቁጭ ብላ አለቀሰች። የአያቶቿ መቃብር ከዚያው ፍርስራሽ ዳር ነው። ሰይድ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቷ ሄዶ አያውቅም። ምግቡን ግን በየቀኑ ትልክለታለች።

በእኛ አገር ድንበር በኩል ካሉት ኮረብቶች ላይ ደመና ተከምሯል። ካቡን አሁን ቢያፈርሱት፣ ዝናቡ ከመጣ ቲማቲሙ አለቀለት። ሰይድ ደመናውን ያያል፣ እኔን ያያል፣ እንደገና ደመናውን ያያል።

አርብ

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ትልቁ ግራር ሥር ተሰበሰቡ። አንዳንዱ በክርኑ ተደግፎ ጋደም ብሏል፣ የሻይ ፔርሙስ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ችኮላ የሚባል ነገር የለም። ሴት እዚህ አትቀመጥም፤ እኔ አፍ ስለሆንኩ ብቻ ከሰይድ ጎን ምንጣፍ ተዘረጋልኝ። ኤዶ ኸድራ ከኋላ፣ ራቅ ብላ፣ የዓይኗ ፋሻ ሳይፈታ ተቀምጣለች።

መጀመሪያ የተናገረው ፋራሕ የሚባል የታችኛው እርሻ ባለቤት ነው። ቁጡ ነው፣ ድምፁ ወፍራም። "እንግዳ ነው፣ አላውቅም ይላል። ነገ ደግሞ መስጊዱን አላወቅኩም ይለናል። ይሂድ" አለ። አንገታቸውን የነቀነቁ ነበሩ። እኔም በሆዴ፣ ይሁን፣ ይሂድ፣ አልኩ።

የሁሉም ታላቅ ሐጂ ኑር ናቸው፤ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ፣ ዝምታ የሚወዱ ሰው። ወደ ሰይድ ዞር ብለው፣ "ልጄ፣ አንተ ምን ትላለህ?" አሉት።

ሰይድ በአማርኛ መለሰ። ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

"የሰው ቤት መሆኑን አላወቅኩም፣ አለማወቄ ግን የኤዶ ኸድራን እንባ አይመልስም። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው እመልሳለሁ። ዝናቡ ቢመጣ፣ ቲማቲሙ ይሂድ። ከዚያ በኋላ ውጣ ካላችሁኝ እወጣለሁ። ግን ባታስወጡኝ ደስ ይለኛል፤ ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ መሬት ስረግጥ እግሬ መሬት መሆኑን ያወቀው እዚህ ነው።"

ሁሉም እኔን ያያሉ።

አንባቢዎቼ፣ በዚያ ሰዓት እዚያ ግራር ሥር አማርኛ የሚሰማ ሰው አልነበረም። "ጥፋቴን አምናለሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ወደ ቤቴ ልሂድ ይላል" ብል አለቀ። ማንም አያውቅም። እሑድ ሁለታችንም ጃማ መኪና ውስጥ ነን፣ ሰኞ ሴራሚኩን ያነጥፋል፣ የእናቴ አደራ በሰላም ከቤቴ ገባ። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ሰይድ ቀና ብሎ አየኝ፤ ምን እያሰብኩ እንደሆነ የገባው አይመስለኝም፣ ብቻ አመነኝ። እጁን አየሁት፤ ጥፍሮቹ ሥር ቀይ አፈር አለ፣ መዳፉ እንደ አባቴ ተሰነጣጥቋል።

ቃል በቃል ነገርኳቸው። ስለ እግሩ ያለውንም አላስቀረሁም። ከዚያ ሳላስበው ቀጠልኩ፤ "አባታችን ካብ ይክብ ነበር፤ ልጁ ሌላ የሚሰጣችሁ ስላልነበረው የአባቱን ሙያ ነው የሰጣችሁ።"

ሐጂ ኑር ቅንድባቸውን አነሱ። "ይሄን እሱ ነው ያለው?"

"አይ፣ ይሄ የእኔ ነው" አልኩ። እኔ ያፈርኩትን ያህል እነሱ ሳቁ፤ ፋራሕ እንኳን ጥርሱን አሳየ።

ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ፣ ሻይ ተቀዳ፣ ዐስር ሶላት ተሰገደ፣ ክርክሩ እንደገና ተጀመረ። በመጨረሻ ሐጂ ኑር ተናገሩ። ድንጋዩ ወደ ቦታው ይመለስ። ካቡ ግን ባዶውን አይቅር፤ አንዱ የጥንት ድንጋይ ሲወጣ አንድ የቶግ ድንጋይ ይግባበት፣ መንደሩ ይረዳዋል። ለበደሉ ደግሞ ካሣ አለበት። በደንቡ ካሣ ከብት ነው፤ ልጁ ከብት የለውም። "ስለዚህ" አሉ ሐጂ ኑር፣ "ከኤዶ ኸድራ በታች ላሉት እርሻዎች ሁሉ እንደዚህ ያለ ካብ ይሠራላቸዋል። ከፋራሕ ይጀምራል።"

ፋራሕ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"ይሄ እኮ ዓመት ይፈጃል" አለ አንዱ።

ከኋላ የኤዶ ኸድራ ድምፅ መጣ። "ቢፈጅስ? ወዴት ይሄዳል ብላችሁ ነው?"

ለሰይድ ተረጎምኩለት። መጀመሪያ አልገባውም፣ ደግሜ ነገርኩት። ሲገባው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔ ደግሞ እዚያው በተቀመጥኩበት የሁለቱ ወንበር ነገር ትዝ አለኝ። ማልቀስ ነው መሳቅ የፈለግኩት፣ እስካሁን አላወቅኩትም።

ቅዳሜ

ጋሪ፣ ግመል፣ የእጅ ጋሪ፣ ሰው። ጠዋት ከሰይድ ቤት ስወጣ ቶጉ ሞልቷል፤ በውሃ አይደለም፣ በሰው። ይህ እኛ አገር ጅጌ የምንለው ነው፤ እነሱም የራሳቸው ስም አላቸው፣ ድግሱ ግን አንድ ነው፤ የሚሠራው ይሠራል፣ የሚጮኸው ይጮኻል፣ ሩዝና የፍየል ሥጋ በትልቅ ድስት ይንተከተካል። የመጀመሪያውን ጋሪ ድንጋይ ይዞ የመጣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ፋራሕ።

የቶግ ድንጋይ ግን ድቡልቡል ነው፣ ካብ ላይ አልቀመጥ ይላል። ሰይድ እያገላበጠ ይረግማል። "መዶሻዬ ቢኖር ጠርቤ ፊት አወጣለት ነበር" ይላል። የመንደሩ መዶሻ አናቱ የሚወልቅ ነው፤ ሁለቴ ወልቆ አንዴ የፋራሕን ግመል አስበረገገ። ቢሆንም እስኪመሽ ድረስ ካቡ እንደ ምንም ሞላ።

ላይ በፍርስራሹ በኩል ደግሞ ሌላ ችግር። ድንጋይ መመለስ ቀላል ነው፣ የትኛው የት ነበር? ሴቶቹ ቆመው ተከራከሩ። እኔ አንዱን አንስቼ ሳገላብጥ ነገሩ ታየኝ። ድንጋዩ እንደ ጨርቅ ፊትና ጀርባ አለው። ፀሐይ ያየው ፊቱ ጠቁሮ ሽበት የመሰለ ነገር አብቅሎበታል፤ አፈር ላይ የተኛው ጀርባው ፈዛዛ ነው። ጉድጓዱ ደግሞ የጀርባውን ቅርጽ ይዞ ቀርቷል። ገጥሞ ማየት ብቻ ነው። "ፊቱን ወደ ላይ!" ብዬ ጮህኩ። ከዚያ በኋላ ሁላችንም ጉድጓድና ድንጋይ ስናገናኝ ዋልን። ኤዶ ኸድራ ባልታሰረው ዓይኗ እየተመለከተች፣ ያልተስማማትን "አይደለም፣ ያ ሌላ ነው" እያለች አስነሳችን። ሁሉም ልኩን አገኘ አልልም። የተረፉትን በአንድ ጥግ፣ ፊታቸውን ወደ ሰማይ አድርገን ደረደርናቸው።

ከሰዓት በኋላ ኤዶ ኸድራ ሰይድን በስሙ ጠራችው። ካቡ ከተሠራ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ሲመጣ በሻርፗ ጫፍ ከግንባሩ አቧራ ጠረገችለትና፣ "ሂድ ብላ፣ ሩዙ አለቀብህ" አለችው። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰይድ እየሮጠ ሄደ። እኔ ከአንድ ግድግዳ ጀርባ ገብቼ አለቀስኩ፤ የዚያች ጓዳ ባለቤት ካለች ትፍረድ።

እሑድ

ኤዶ ኸድራ ሻንጣዬን ተቀብላኝ ከዛፏ በለቀመችው ዘይቱን እስኪጨነቅ ሞላችው። ሰይድ በጋሪ እስከ ቦረማ ሸኘኝ። መንገዱን ሙሉ ስለ ፋራሕ ካብ ያወራል፤ የት ይጀመራል፣ ውሃው በየት ይወጣል። ስንለያይ ግን ጠየቀኝ።

"ልትወስጂኝ ነበር የመጣሽው፣ አይደል?"

"አዎ።"

"አሁንስ?"

"አሁን ጉሮሮህን ከነፋስ ጠብቅ። ማታ ይበርዳል" አልኩት።

ጃማ ሁለት ወንበር ይዞ ጠብቆኛል። "ወንድምሽስ?" አለኝ። ሻንጣውን አንስቼ ለሰይድ በያዝኩት ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ጃማ ከፈት አድርጎ አየና አንድ ዘይቱን አንስቶ ገመጠ። "ጥሩ ወንድም ነው" አለ። ገብሌይ ስንደርስ ጥሩ ወንድም ሩብ ያህል ቀንሶ ነበር፤ ከኋላ ያሉት እናቶችም ቤተሰብ ሆነዋል። ኬላ ላይ ወታደሩ፣ "ይሄ ወንበር የማን ነው?" ሲል ሁሉም በአንድ አፍ መለሱለት፤ "የወንድሟ!" እሱም ድርሻውን ወሰደ።

"አለ?" ይለኛል ጃማ።

"የለም፣ ሂድ።"

ሀርጌሳ የገባነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ደመናው ከኋላችን፣ በምዕራብ በኩል፣ እንደ ቀለም የተደፋበት ጨርቅ ጠቁሯል። ሱቄን እንኳን ሳልከፍት ቤቴ ገብቼ ደወልኩ። አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ፣ አያነሳም። ሻይ አፈላሁ፣ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። ከመግሪብ ሶላት በኋላ እሱ ደወለ። ከጀርባው እንደ ገበያ የሚጮህ ነገር ይሰማል፤ ሰው ነው፣ ውሃም ነው።

"መጣ?" አልኩት።

"መጣ፣ ብዙ ነው። እታለም፣ ካቡ ጋ ሲደርስ ቆመ! ቆሞ ወደ አፈሩ ገባ። ቲማቲሙ አለ። የፋራሕ ክትር ግን ተወሰደ፤ እዚሁ ከጎኔ ቆሞ ይሳደባል። ነገ ጀምር እያለኝ ነው።"

"አልሐምዱሊላህ" አልኩ። ሌላ ቃል አላገኘሁም። አባቴ ይህን ውሃ ሲቆም ቢያይ ምን ባለ፣ ብዬ ብዙ ተቀመጥኩ።

ሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ

የተረፈውን ዘይቱን ለጎረቤት አድዬ ሻንጣውን ባዶ አደረግኩት። ከዚያ አልጋዬ ሥር ገባሁ። የሰይድን መዶሻ፣ ቱንቢ፣ ውሃ ልክ፣ የሥራ ጫማ አወጣሁ። ይመለሳል ብዬ አቧራ እንዳይነካው በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልዬ ያቆየሁት ነው። ከላዩ የእኔን ወፍራም ብርድ ልብስ አጣጥፌ ጨመርኩ። ጃማ ዛሬም ወደ ቦረማ ይሄዳል፤ አደራ እልከዋለሁ።

ፍየሎቹ ካርቶናቸው ላይ ናቸው። አብዲ ባጃጁን አቁሞ ሻንጣውን እንደ ለመደው ብድግ ሊያደርግ ሞከረ፤ አልነሳ አለው።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የወንድሜ ዕቃ ነው።"

"ከአገር ሊወጣ ነው እንዴ?"

"አይ" አልኩት፣ በአንድ በኩል እያነሳሁለት። "ሊኖር ነው።"